የ200 ሜጋባይቷ ፔስ

ይህን የምጽፈው አሮጌ ኮምፒውተር ይዘው የድሮ የእግር ኳስ ጨዋታ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ፍላጎታቸውን አልነቅፍም፤ እኔም እስከ ዛሬ እጫወታለሁ። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ለማስረከብ አሥራ ሰባት ቀን ሲቀረኝ፣ ፔስ የተባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ ፈልጌ «እጅግ የታመቀ፣ 200 ሜጋባይት ብቻ» የሚል አንድ ፋይል በማውረዴ የደረሰብኝ ነገር በሌላ ሰው ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ጊዜ ነው። ስድስት ሆነን በምንኖርበት ዶርም የነበረው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ባለቤቱ ከታላቅ ወንድሙ የወረሰው፣ ባትሪው ከሞተ የቆየ፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካ የማይነሣ፣ 2 ጊጋባይት ራም ያለው ዕቃ ነበር። ፔስ 2013 በዚያ ላፕቶፕ ላይ ሳይንቀራፈፍ ይሠራ ነበር። ጨዋታውን የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2012 መስከረም ሲያወጣው በዝቅተኛ መስፈርትነት የጠየቀው የፔንቲየም 4 ፕሮሰሰር፣ 1 ጊጋባይት ራምና 8 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ግን ለብቻው 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ የእኛ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ደግሞ በጠቅላላው 160 ጊጋባይት ነበር።

ሰዎች የድሮ ጨዋታ የሚወደደው በትዝታ ምክንያት ነው ይላሉ። እኔ ግን ፔስ 2013ን ያወቅሁት ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ ልናፍቀው የምችለው ትዝታ አልነበረኝም። የወደድኩት ኢንተርኔት ስለማይጠይቅ፣ አካውንት ክፈት ስለማይል፣ መብራት ሲመጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለሚያጫውት ነው። ጆይስቲክ ስላልነበረን አንዱን ኪቦርድ ለሁለት እንካፈል ነበር። ብዙዎቹ ኪቦርዶች ብዙ ቁልፎች በአንድ ጊዜ ሲነኩ ሁሉንም መቀበል ስለማይችሉ፣ አንዱ እየሮጠ ሳለ የሌላው ምት ይጠፋል፤ «ሆን ብለህ ነው የያዝከው» የሚለው ጭቅጭቅም ከዚያ ይነሣል። በጨዋታው ውስጥ ዣቪና ኢኒየስታ በባርሴሎና አብረው ናቸው፤ ኔይማር ገና ሳንቶስ ውስጥ ነው። ኮናሚ የእንግሊዝ ሊግ ፈቃድ ስላልነበረው አርሰናል «ኖርዝ ለንደን»፣ ሊቨርፑል ደግሞ «መርሲሳይድ ሬድ» ተብለው ይቀርባሉ። በዶርማችን ከነበሩት ሦስት የአርሰናል ደጋፊዎች አንዱ፣ ክለቡ በስሙ ካልተጠራ አልጫወትም ብሎ ለአንድ ሳምንት ያህል አኩርፎ ነበር።

ያ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የዞረ የታመቀ ቅጂ ነበር። መጠኑን ለመቀነስ ሲባል የኮሜንታተሮቹ ድምፅ ወጥቶለታል፤ የተመልካቹ ጩኸት ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ «ጋዜጠኛው» እያልን የምንጠራው የዶርም ጓደኛችን ከላይኛው አልጋ ላይ ተንጋሎ ጨዋታውን በአማርኛ ያስተላልፍልን ጀመር። ተጫዋቾቹን በራሳችን ስም እየጠራ፣ የካፌውን ሽሮና የመምህራኑን አመል እየቀላቀለ የሚያስተላልፈውን ለመስማት ከጎረቤት ዶርም ሳይቀር ሰው ይመጣ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ እኔም የራሴ ላፕቶፕ ኖረኝ። ኩዌት ትሠራ የነበረችው እህቴ ለሠርጓ ስትመጣ ያመጣችልኝ፣ ያገለገለ ቢሆንም 4 ጊጋባይት ራም ያለው ጥሩ ዕቃ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ፣ ከ162 መጠይቆች የሰበሰብኩት መረጃና የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ ሁሉ በእሱ ውስጥ ነበሩ። የጨዋታው ባለቤት ቀድሞን ስለተመረቀ ፔሷም አብራው ሄዳለች። አንድ ማታ ጋዜጠኛው «ከመለያየታችን በፊት አንድ የመጨረሻ ውድድር እናድርግ» ሲል፣ ጨዋታውን የማምጣቱን ኃላፊነት እኔ ወሰድኩ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ቀላል ሒሳብ አለመሥራቴ ነው። 8 ጊጋባይት ቦታ የሚፈልግ ጨዋታ በ200 ሜጋባይት ሊታሸግ ከሆነ አርባ እጥፍ መታመቅ አለበት። በእጄ ያለው የኢንተርኔት ጥቅል ግን ከ1 ጊጋባይት በታች ስለነበረ፣ ትንሹን ቁጥር ሳይ ደስ አለኝ እንጂ አልጠየቅሁም። ድሃ ሰው ትንሽ ቁጥር ሲያይ የሚታለልበትን መንገድ እነዚህ ሰዎች አሳምረው ያውቁታል።

ፋይሉ ሲወርድ በፓስወርድ የተቆለፈ ሆኖ አገኘሁት፤ ፓስወርዱና መመሪያው አብሮት በመጣ ጽሑፍ ላይ ነበር። መመሪያው ደግሞ ፋይሉን ከመክፈቴ በፊት አንቲቫይረሱን እንዳጠፋ ያዛል፤ ምክንያት ሲሰጥም «ክራኩን (ጨዋታው ሳይገዛ እንዲሠራ ቁልፉን የሚሰብረውን ፋይል) በስሕተት እንደ ቫይረስ ያየዋል» ይላል። እኔም እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ፋይል በፓስወርድ የሚቆለፍበት አንዱ ምክንያት አንቲቫይረስ ውስጡን ማየት እንዳይችል መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። በውስጡ ያገኘሁት የጨዋታ ማኅደር መስሎ የሚታይ ነገር ነበር፤ ዊንዶውስ የፋይል ስሞችን ቅጥያ ስለሚደብቅ እንጂ፣ ስሙ በሙሉ ቢታየኝ ኖሮ መጨረሻው «ኢኤክስኢ» የሆነ ፕሮግራም እንደነበረ አውቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠቅ ሳደርገው ጨዋታ አልመጣም። ጥቂት ቆይቶ የዊንዶውስ ማሻሻያ እየተጫነ መሆኑን የሚገልጽ መስኮት ተከፈተ፤ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ያየሁት ዓይነት ስለመሰለኝ ሥራውን እንዲጨርስ ትቼው ተኛሁ።

አንባቢ ሆይ፣ በእንዲህ ያለ ሰዓት ላፕቶፕዎን ወዲያውኑ ያጥፉት። ያ መስኮት እኔን ለማዘናጋት የቀረበ ሐሰተኛ ምስል ሲሆን፣ ከኋላው አንድ ፕሮግራም ፋይሎቼን አንድ በአንድ እየቆለፈ ነበር።

ጠዋት ስነሣ እያንዳንዱ ፋይል በስሙ ላይ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጨምረውበት አገኘሁት፤ አንዱም አልከፈት አለ። በየማኅደሩ ውስጥ የተቀመጠው ማስታወሻ ፋይሎቹን ለማስፈታት 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈልኩ ግን ግማሹን 490 ዶላር እንድከፍል ይጠይቃል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ያደረግሁት ቀጣይ ነገር ከሁሉ የከፋ ነበር፤ የጽሑፌ ሌላ ቅጂ ያለበትን ፍላሽ አውጥቼ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ፕሮግራሙ ገና በሥራ ላይ ነበርና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፍላሹም ተቆለፈ። በሁለት ቀን ውስጥ ደግሞ በማኅበራዊ ገጼ አማካይነት «ታምሜያለሁ፣ ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል መልእክት ለዘመዶቼ መላኩን ሰማሁ። በብራውዘሩ ላይ ያስቀመጥኳቸው ፓስወርዶች አስቀድመው ተሰርቀዋል። አክስቴ ከዕቁብ ያገኘችውን 2,000 ብር ልካ ነበር፤ ያንን ብር የመለስኩላት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው።

ነገሩ መልክ የያዘው ከግቢያችን ፊት ለፊት ኮምፒውተር የሚጠግኑ አንድ ሰው ዘንድ ከሄድኩ በኋላ ነው። ማስታወሻውን ገና ከማየታቸው «ጨዋታ ነው ወይስ ክራክ?» አሉኝ።

«ጨዋታ ነው፣ ጋሼ። ፔስ።»

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ወር አራተኛው ነህ» አሉና ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ነጥለው አጸዱት።

ከእሳቸው የተማርኩትን ለሌሎች ማስተላለፍ ግዴታዬ ነው። በመጀመሪያ፣ ገንዘቡን እንዳልከፍል፣ መፍቻ እናቀርባለን ከሚሉ የማይታወቁ ገጾችም ምንም እንዳላወርድ አስጠነቀቁኝ፤ ከእነዚያ ሐሰተኛ መፍቻዎች መካከል ፋይሉን ደግመው የሚቆልፉ ስላሉ ነው። ቀጥለውም የተቆለፉትን ፋይሎች ሳይደልቱ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠው አስቀመጡልኝ። ቫይረሱ እንደ እኔ ዓይነት ክራክ ፈላጊዎችን የሚያጠምደው ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ነበር። ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ጥቅምት ነፃ መፍቻ አውጥቶለታል፤ ሆኖም በደንብ የሚሠራው ለቀድሞዎቹ ዓይነቶች ነው። የእኔ ግን ከዚያ በኋላ የመጣና ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ቁልፍ ከሩቅ ሰርቨር የሚያመጣ ስለነበረ አልተፈታም። ተመሳሳይ ነገር የደረሰበት ሰው ግን ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ይሞክረው፤ የአውሮፓ ፖሊስና የኔዘርላንድ ፖሊስ ከደኅንነት ኩባንያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለው ገጽም እውነተኛ መፍቻዎችን በነፃ ያቀርባል።

ያልጠበቅሁት መልካም ዜና ስለ ሠርጉ ቪዲዮ ነበር። ይህ ቫይረስ ሥራውን ለማፋጠን ሲል የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው የሚቆልፈው። የመመረቂያ ጽሑፍ ትንሽ ፋይል ስለሆነ በዚያ ይሞታል። ግማሽ ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ ግን ራሱ ብቻ ተቆርጦ አካሉ ደኅና ነው። በዚያው ስልክ የተቀረጸ ሌላ ጤነኛ ቪዲዮ እንደ ናሙና ሰጥተን በቪዲዮ መጠገኛ ፕሮግራም ስንሞክረው፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች በስተቀር ሠርጉ በሙሉ ተመለሰ። እህቴ እስከ ዛሬ ይህን አታውቅም።

ጽሑፌን ያዳነው ግን ወረቀት ነው። የተሞሉት 162 መጠይቆች አልጋዬ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ ነበሩ። የዶርሜ ልጆች ተራ ገብተው አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ በአራት ሌሊት መረጃውን ዳግመኛ አስገቡልኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ከአንድ ወር በፊት ለአማካሪዬ በኢሜይል ልኬላቸው ስለነበረ ከእሳቸው አገኘኋቸው። የሆነውን ሳልደብቅ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ለመሆኑ ጨዋታው መጣ?» ብለው ጠየቁኝ። አልመጣም፣ መምህር፣ አልኳቸው። አንድ ሳምንት ጨመሩልኝ። አራተኛውንና አምስተኛውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፍኩ፤ ሁለተኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር ብዬ ራሴን ለማጽናናት እሞክር ነበር፤ አልነበረም።

ከተመረቅሁ በኋላ ስለ ማመቅ ማንበብ የጀመርኩት ከንዴት የተነሣ ነው፤ ጥቂቱን ብቻ ላካፍል። ጨዋታ ውስጥ ያሉት ምስሎች፣ ድምፆችና ቪዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ ገና ከፋብሪካው ሲወጡ የታመቁ ናቸው፤ አንዴ የተጨመቀ ሎሚ ሁለተኛ ቢጨምቁት ብዙ አይወጣውም። በጥንቃቄ የታሸጉ ሆነው ያየኋቸው ቅጂዎች ከዋናው ግማሽ ወይም ሲሶ ያህል ነበሩ። ከዚያ በታች የሚወርድ ቅጂ አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው፤ እንደ ዶርማችን ቅጂ የኮሜንታተር ድምፅ፣ ወይም የመግቢያ ቪዲዮ፣ ወይም ስታዲየሞች ተነሥተውለታል። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ያሸገው ሰው ምን እንደቀነሰ በግልጽ ካልነገረ አይመኑት። «አውርጄው ከፈትኩት፤ እውነትም 8 ጊጋባይት ሆነ» የሚል ምስክርነትም ብዙ አያጽናናም። ዜሮ ብቻ የተሞላ ባዶ ፋይል ምንም ያህል ቢገዝፍ ወደ ኢምንት መጠን ይታመቃልና፣ ሲከፈት ማበጡ ውስጡ ጨዋታ ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

ደኅናው የታመቀ ቅጂም ቢሆን ሲፈታ አሮጌ ላፕቶፕን ያሠቃያል። ፕሮሰሰሩና ራሙ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ስለሚሠሩ፣ ፍራሽ ላይ አስቀምጠውት ከሄዱ የአየር መውጫው ታፍኖ ራሱን ያጠፋል። በመሐል «ኢዝ ደን» ወይም «አን አርክ» የሚሉ ቃላት ያሉበት የስሕተት መልእክት ከመጣ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ተበላሽቶ ወርዷል ወይም ራሙ አልበቃም ማለት ነው። አንቲቫይረስ ማጥፋት መፍትሔው እንደሆነ የሚናገር ሰው ቢያገኙ የእኔን ታሪክ ያስታውሱ። ጨዋታው ሲነሣ በ«ዲ ስሪ ዲ ኤክስ» የሚጀምር ፋይል ጠፍቷል ካለ ደግሞ፣ ያንን አንድ ፋይል ከማይታወቅ ገጽ ለቅመው አያምጡ። የጎደለው ዳይሬክትኤክስ የተባለው፣ ጨዋታዎች ምስልና ድምፅ ለማቅረብ የሚጠቀሙበት የዊንዶውስ አካል የድሮ ክፍል ነው፤ ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. የ2010 ሰኔ እትም ብሎ በነፃ ያቀርበዋል። በዚህ ላይ የፋይል ቅጥያዎች እንዲታዩ ማድረግ፣ ለጨዋታ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የሌለው ሌላ የተጠቃሚ አካውንት መክፈት፣ ቢጠፋ የሚያሳዝን ነገር ያለበትን ፍላሽ ወይም ዲስክ ደግሞ ገልብጠው እንደጨረሱ ነቅለው ማስቀመጥ ይገባል። የተሰካ ፍላሽ መጠባበቂያ አይባልም፤ ይህን የምለው ፍላሼን በገዛ እጄ ያስበላሁ ሰው ስለሆንኩ ነው።

የጨዋታው የራሱ መረጃም ሊረሳ አይገባም። ፔስ 2013 ማስተር ሊግ የተባለውን የውድድር ክፍሉን ውጤቶችና ያስተካከላችኋቸውን ስሞች የሚያስቀምጠው በዶክመንትስ ውስጥ «ኮናሚ» በሚል ማኅደር ነው። ያንን ማኅደር ብቻ ገልብጠው ቢይዙ፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ቢደረግም ያንኑ ጨዋታ መልሰው ሲጭኑ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ኖርዝ ለንደንን አርሰናል ብሎ ለመሰየም አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያጠፋ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አንድ የማይመች ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ታማኝ አልሆንም። በዶርማችን የዞረችውም ሆነች እኔ ያወረድኳት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተባዙ ናቸው። አሮጌ ጨዋታዎች ከገበያ ስለሚነሡ በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ የኤፍሲ 24 አዘጋጅ የሆነው ኢኤ እ.ኤ.አ. በ2023 መስከረም ፊፋ የተባሉትን የቀድሞ የእግር ኳስ ጨዋታዎቹን ከኢንተርኔት መደብሮች አንሥቷል፤ የኮናሚ የድሮ ፔሶችም ዛሬ እንደዚያው በመደብሮቹ አይሸጡም። በፔስ ምትክ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው ኢፉትቦል በነፃ ይገኛል፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ገና ሲወጣ ደግሞ ኮናሚን ይቅርታ እስከ ማስጠየቅ የደረሰ ብዙ ጉድለት ነበረበት። ሰው ወደ አሮጌው የሚመለሰው ለዚህም ጭምር ይመስለኛል። ያገለገለ ዋና ዲስክ ግን አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ከጀርመን ለዕረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ የፔስ 2013ን ዲስክ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝቶ አምጥቶልኛል፤ ለአንድ ሳምንት የተዋስኩት የዲስክ ማጫወቻ ላፕቶፑ ላይ ለመጫን በቂ ሆነ።

ባለፈው ገና ጋዜጠኛው ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ። ሁለት ጆይስቲክ ሰክተን፣ እሱ ሳንቶስን እኔ ባርሴሎናን ይዘን ጀመርን። ይህኛው ሙሉ ቅጂ ስለሆነ ኮሜንታተሮቹ ጆን ቻምፒየንና ጂም ቤግሊን በእንግሊዝኛ ማስተላለፍ ያዙ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ሰምተናቸው አናውቅም ነበር። ጋዜጠኛው አምስት ደቂቃ ያህል በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ ጨዋታውን አቆመና ወደ ማስተካከያው ገብቶ የኮሜንታተሮቹን ድምፅ ዜሮ አደረገው። ከዚያም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ክቡራንና ክቡራት አድማጮቻችን፣ ከዶርም ቁጥር 214 በቀጥታ…» ሲል ጀመረ።